እናትሽን ይዘሽ ሺምላ ለመሄድ ላሰብሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እናትሽ ለምረቃሽ በጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ወደ ቻንዲጋር እንደሚመጡ፣ የህንዷን ተራራማ ከተማ ሺምላን ለማየት አንድ ሙሉ ቀን ብቻ እንዳላችሁ፣ አንድ የታክሲ ደላላም ከሺምላ ወጣ ያለችውን ኩፍሪን ጨምሮ ሰባት ቦታ በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ ብሎ ዋጋ እንደቆረጠልሽ ጽፈሻል። እኔም ፑንጃብ ውስጥ ተምሬ ስጨርስ እናቴ ለምረቃዬ መጥታ ሺምላን አብረን ስላየናት፣ ሁኔታሽ ከእኔ ጋር አንድ ነው ብዬ በሰፊው እመልስልሻለሁ። የደላላውን ጥቅል አትቀበይው፤ ከተማዋን በእግራችሁ እዩአት፤ ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የምታድሩበትን ቦታ ነገር ቁረጪ። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንደኛ፣ ሆቴሉ። በህንድ ሕግ ማንኛውም ማረፊያ የውጭ አገር ዜጋ ሲያሳድር በተለምዶ ፎርም ሲ የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ለውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ መላክ አለበት። አንቺ ተማሪ ስለሆንሽ ምዝገባውን ታውቂዋለሽ፤ ነገር ግን ብዙ ትንንሽ ሆቴሎች ይህን ለመላክ የሚያስችል አካውንት ስለሌላቸው ወይም ጣጣውን ስለማይፈልጉት የውጭ ሰው አይቀበሉም። የሚያሳዝነው፣ ኢንተርኔት ላይ ክፍል ሲሸጡልሽ ይህን አይነግሩሽም። እኛ ሙሉውን ከፍለን ነበር የሄድነው። ከመሸ በኋላ፣ ብርዱ በበረታበት ሰዓት፣ ከባቡር ጣቢያው ሻንጣ እየጎተትን ደረስን። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ፓስፖርታችንን በሁለት ጣቱ ይዞ ገለጥ አደረገና፣ የውጭ ሰው አናስተናግድም ብሎ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኛ ገፋው። ገንዘቤን መልስልኝ ስለው ያስያዘህን ድርጅት ጠይቅ አለኝ። እናቴ ቋንቋውን ባትሰማም ፊቱን አይታ ገብቷት ነበር፤ «ልጄ፣ ምን አጠፋን?» አለችኝ። እርሷ ቆማ፣ እርሱ ተቀምጦ፣ ወንበር እንኳ አላቀረበላትም። ዕድሜዋን ያየ ሰው፣ ባያሳድራት እንኳ አረፍ ይበሉ ይላል። ገንዘቡ ከብዙ ኢሜይል በኋላ በከፊል ተመለሰልኝ፤ ያቺን ሰዓት ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ያዳነን ተሸካሚው ነው። በሺምላ ላይኛው ከተማ መኪና ስለማይገባ ዕቃ የሚወጣው በሰው ጀርባ ነው፤ ከተሸካሚዎቹም ብዙዎቹ ከካሽሚር የመጡ ናቸው። የእኛን ሻንጣዎች በገመድ ጀርባው ላይ ያሰረው ሽማግሌ ሰው ሠራተኛውን በህንድኛ ሁለት ቃል ተናገረውና፣ እኛን በምልክት ተከተሉኝ ብሎ ወደ ታች ባለው መንገድ ሌላ ሆቴል አደረሰን። የዚያኛው ባለቤት ፓስፖርታችንንና ቪዛችንን ስካን አደረገ፤ ከየት እንደመጣንና ወደየት እንደምንሄድ ጠይቆ ቅጹን እዚያው ሞላ፤ ለእናቴም ሙቅ ሻይ አስመጣላት። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ወደ ሆቴሉ ራስሽ ደውለሽ «የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለን፤ ፎርም ሲ ትሞላላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ አዎን ካሉሽም በጽሑፍ እንዲልኩልሽ አድርጊ። የእናትሽን ቪዛና የአንቺን የመኖሪያ ፈቃድ በወረቀት አትመሽ ያዢ፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክ ውስጥ ያለ ሰነድ አይጠቅምሽም።

ሁለተኛ፣ መንገዱ። ማየት የምትፈልጉት ለአንድ ቀን ቢሆንም ከዋዜማው ገብታችሁ እዚያው እደሩ። ከቻንዲጋር ሴክተር 43 መናኸሪያ የሚነሣው አውቶቡስ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ መንገዱም ጥምዝ ስለሆነ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ማድረግ ለእናትሽ ቅጣት ነው። እኔ የምመክርሽ ስትወጡ በባቡር፣ ስትወርዱ በአውቶቡስ ነው። ከቻንዲጋር አጠገብ ካለችው ካልካ የሚነሣው ትንሹ ባቡር በ1903 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ 96 ኪሎ ሜትር በሚሆነው ጉዞው ከመቶ በላይ ዋሻዎችንና ከ800 በላይ ድልድዮችን ያልፋል፤ በ2008 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከቀትር አካባቢ የሚነሣውን ከያዛችሁ ተራራውን በብርሃን እያያችሁ ወደ ማታ ትደርሳላችሁ፤ በባሮግ ጣቢያ አጠገብ ያለው ዋሻ ብቻውን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቲኬቱ ከጉዞው 60 ቀን በፊት ይከፈታል፤ ጥቅምት የዕረፍት ወቅታቸው ስለሆነ ዛሬ ነገ አትበዪ። በክረምት ወራት ቢሆን ኖሮ ግን በባቡሩ አትመኪ እልሽ ነበር፤ በ2023 ከባድ ዝናብና ናዳ ሐዲዱን ቆርጦት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር።

ሦስተኛ፣ ኩፍሪ። ደላላሽ የጠራልሽ ሰባት ቦታ መኪናው ለፎቶ ቆም የሚልባቸውን የመንገድ ዳሮች ጭምር ቆጥሮ ነው። ኩፍሪ ከሺምላ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በበዓል ሰሞን መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል። ከእናቴ በፊት ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ የሆነውን ልንገርሽ። ሹፌሩ ወደ ጫፉ በእግር መሄድ አይቻልም፣ በፈረስ ብቻ ነው ብሎ የሚያውቀው ባለፈረስ ጋ አወረደን። ዋጋው ለታክሲው ከከፈልነው በላይ ሆነ፤ መንገዱም ጭቃና ፋንድያ የተቀላቀለበት ቀጭን ገደል ነበር፤ ፈረሶቹ ተደርድረው እየተጋፉ ሲወጡ ጉልበታችን ከድንጋይ ጋር ይጋጭ ነበር። ላይ ስንደርስ በኪራይ ልብስ ፎቶ የሚያነሡ፣ ቴሌስኮፕ በገንዘብ የሚያሳዩ፣ መጫወቻ የሚያስከፍሉ ሰዎች ተቀበሉን። ሹፌሩ ከባለፈረሱ ኮሚሽን ሲቀበል በዓይናችን አየነው። ወደ ሺምላ ስንመለስ ጨልሞ ነበር፤ ከተማዋንም ሳናያት ቀረን። እናትሽን ፈረስ ላይ አውጥተሽ በዚያ ገደል እንዳትወስጃቸው አደራ እልሻለሁ።

ታዲያ በአንድ ቀን ምን እንይ ላልሽው፣ ከእናቴ ጋር የዋልነውን ውሎ እነግርሻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ እስካሁን አላገኘሁም።

ማለዳ ተነሥተን ሪጅ ወደሚባለው ሰፊ አደባባይ ወጣን። ሁሉም የሚያስፈራሽ በከፍታው ነው፤ ሺምላ ግን 2200 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ ከዚያ ከፍ ትላለች። የዴልሂ ቱሪስቶች በየደረጃው ሲያለከልኩ እናቴ ሳትቆም ነበር የምትወጣው። ይልቅስ ብርዱን ተጠንቀቂ፤ በጥቅምት ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ጠዋትና ማታ ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል። ሰማዩ በዚያ ወር ጥርት ስለሚል ከሪጅ ላይ በሰሜን በኩል በረዶ የለበሰው የሂማላያ ሰንሰለት ይታያል። ከምትቆሙበት አደባባይ ሥር ደግሞ እንግሊዞች የሠሩት፣ ከተማዋን የሚያጠጣ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ።

በአደባባዩ ጫፍ ክራይስት ቸርች የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። መሠረቱ በ1844 ተጥሎ በ1857 የተባረከ ሲሆን፣ በሰሜን ህንድ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በዕድሜ ሁለተኛው ነው ይባላል። እናቴ በሩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀችና ነጠላዋን አጣፍታ መድረኩን ተሳለመች። ጠባቂው ጫማ ማውለቅ አያስፈልግም ብሎ በእጁ ሲያመለክት እኔም ነገርኳት፤ እርሷ ግን ባዶ እግሯን ገብታ ባለቀለም መስታወቶቹ ፊት ቆማ ጸለየች። ጠባቂው ከዚያ በኋላ አላቋረጣትም፤ እስክትጨርስም ሌሎች ጎብኚዎች ከፊቷ ፎቶ እንዳያነሡ ከለከላቸው። እናትሽም እንደዚያው ማድረግ ከፈለጉ ጊዜ ስጫቸው።

ከዚያ ወደ ጃኩ ኮረብታ ነው። ከፍታው 2455 ሜትር ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ሃኑማን የሚባለው የሂንዱዎች አምላክ ቤተ መቅደስና በ2010 የተሠራ 33 ሜትር የሚረዝም ሐውልት አለ። በእግር የሚያስኬደው መንገድ በጣም ቀጥ ያለ ስለሆነ በኬብል በሚጎተተው ሳጥን ውጡ፤ ይህ ለእናትሽ ጉልበት የሚከፈል ገንዘብ ነው። ቤተ መቅደሱ ውስጥ መግባት ባይፈልጉ ግቢው ውስጥ ሆነው አገሩን ማየት ይችላሉ፤ እናቴም እንዲሁ ነው ያደረገችው። ዋናው ጭንቀት ጦጣዎቹ ናቸው። መነጽር፣ ስልክና ፌስታል ይቀማሉ፤ የቀሙትንም የሚመልሱት ምግብ ሲሰጣቸው ብቻ ነው። የእናቴን መነጽር አንዱ ከኋላዋ ዘሎ ከፊቷ ላይ ነጠቀና ጣሪያ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሱቅ ያለው ሰው የሸንኮራ ጣፋጭ ከረጢት ሲወረውርለት መነጽሩን ለቀቀው፤ ሰውየው ለጣፋጩም ለድካሙም አስከፈለን። ስለዚህ ሁለታችሁም መነጽራችሁን ቦርሳ ውስጥ ዝጉበት፤ በመግቢያው የሚከራየውን ዱላም ተከራዪ። ጥርሱን ላሳየሽ ጦጣ ዓይን ዓይኑን አትዪው።

ለምሳ ማል ከሚባለው የላይኛው ከተማ ዋና መንገድ በደረጃ ወደ ታችኛው ገበያ ውረዱ፤ ዋጋው ከላይኛው በብዙ ይቀንሳል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ እናትሽ እንደሚጾሙ አስቢ፤ ሥጋ የሌለበት ምግብ ሁሉ የጾም አይደለም፣ ምስሩ በንጥር ቅቤ ይቁላላል፣ ቂጣውም ከምጣድ ሲወርድ ቅቤ ይቀባል። ከማዘዝሽ በፊት «ቢና ጊ፣ ቢና ማካን» (ያለ ንጥር ቅቤ፣ ያለ ቅቤ) በዪ፤ ሽምብራና ድንች በዘይት ይሠሩልሻል። ቡና ከጠማቸው ማል ላይ ያለው ኢንዲያን ኮፊ ሃውስ ውስጥ አረፍ በሉ፤ አስተናጋጆቹ ጥምጥም አድርገው የሚያገለግሉበት፣ የከተማዋ ጠበቆችና ፖለቲከኞች የሚቀመጡበት የቆየ ቤት ነው። እናቴን ግን ከሁሉ በላይ የያዛት የኩሉ ሻርፕ የሚሸጥበት ሱቅ ነበር። ጠርዙ ላይ ያለውን ባለማዕዘን ጥለት እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥበብ ገልብጣ በጀርባው በኩል ክሩን አንድ በአንድ አየችው፤ በእጅ የተሸመነውንና በመኪና የተሠራውን ለየችና በእጅ የተሸመነውን ገዛች። ሻጩ ያቀረበውን ርካሹን ወደ ጎን ስታደርግ ባለሙያ ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎን አልኩት፣ ኮራሁባትም።

ከሰዓት በኋላውን ለእንግሊዝ እንደራሴዎች ቤተ መንግሥት አስቀምጪው። ሺምላ ከ1864 ጀምሮ የእንግሊዝ ህንድ የበጋ መናገሻ ስለነበረች መንግሥቱ በየዓመቱ ከሙቀቱ ሸሽቶ ወደዚህ ይወጣ ነበር። ሕንፃው በ1888 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ገና ከመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት ነበረው። በ1945 እንደራሴው ዌቭል የህንድ መሪዎችን ሰብስቦ፣ የኮንግረስ ፓርቲው ማውላና አዛድና የሙስሊም ሊጉ ጂና ያልተስማሙበት ጉባኤ የተደረገው እዚህ ነው። ዛሬ የከፍተኛ ጥናት ተቋም ሆኖ ያገለግላል፤ የሚጎበኘው ከአስጎብኚ ጋር በቡድን ስለሆነ እንደደረሳችሁ ቲኬታችሁን ቁረጡና ተራችሁ እስኪደርስ አትክልቱ ቦታ ጠብቁ። ሰኞ ዝግ ነው፤ የጉዞሽን ቀን ስትመርጪ ይህን አስቢበት። ከሪጅ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ወደ ቦይሎጋንጅ የሚሄደውን የከተማ አውቶቡስ ከድሮው መናኸሪያ ያዙ። በየመግቢያው የውጭ ዜጋ ዋጋ ይጠይቁሻል፤ የመኖሪያ ፈቃዴን ባሳይም አንድ ቲኬት ሻጭ ሳያየው መልሶ ወርውሮልኛልና ትከራከሪያለሽ ብለሽ ጊዜሽን አታጥፊ።

ስትመለሱ መኪና ከሚሄድበት ከታችኛው ካርት መንገድ ወደ ማል የሚያወጣው ሊፍት አለ፤ ሁለት ጊዜ የሚቀየር ነው። ያንን ሁሉ ደረጃ እናትሽ ቀኑን ሙሉ ከዋሉ በኋላ እንዲወጡት አታድርጊ፤ ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ቶሎ ያልቃል። በማግሥቱ በአውቶቡስ ስትወርዱ የፊት ወንበር አስይዢ፤ ጥምዝማዛው የኋላ ወንበር ላይ ሆድ ያውካል፤ ከመነሣታችሁም በፊት ከባድ ቁርስ አትብሉ። ሆቴሉን ደውለሽ መልሳቸውን ስታገኚ እዚሁ ጻፊልኝ፤ እምቢ ካሉሽ ያንን ምሽት የተቀበለን ሆቴል ያለበትን መንገድ በውስጥ መስመር እነግርሻለሁ።