ደኑ ሲመነጠር ውሃው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ውድ ልጆቼ፣

የውሃ ሙያ ስትጀምሩ ሰው ሁሉ የሚያነሳባችሁ ጥያቄ ርዕሱ ላይ የጻፍኩት ነው። ጠያቂው አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ይፈልጋል። እናንተ ግን «የትኛው ውሃ?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት። የዓመቱ ጠቅላላ ፍሰት፣ የጎርፉ ከፍተኛ መጠንና የበጋው ፍሰት የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ሊቀንስ ይችላል።

የዓመቱን ፍሰት በተመለከተ ማስረጃው ብዙዎችን ያስገርማል። ቅጠል ላይ ያረፈ ዝናብ መሬት ሳይነካ ይተናል፤ ሥር ከጥልቅ አፈር የሳበውም በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ይመለሳል። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር፣ ሀባርድ ብሩክ በተባለው የምርምር ደን ውስጥ የአንድ ትንሽ ተፋሰስ ዛፎች እ.ኤ.አ. በ1965 መገባደጃ በሙሉ ተቆረጡ። በመጀመሪያው ዓመት የጅረቱ ፍሰት በ40 በመቶ ገደማ ጨመረ። ቦሽና ሂውሌት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1982 ከተለያዩ አገሮች 94 ሙከራዎችን ሲመረምሩም፣ የጥድ መሰል ዛፎችና የባሕር ዛፍ ሽፋን በ10 በመቶ ሲቀንስ የዓመቱ ፍሰት በአማካይ 40 ሚሊሜትር ያህል እንደሚጨምር አገኙ።

ይህን ይዛችሁ «እንግዲያው እንመንጥር» እንዳትሉ። ሀባርድ ብሩክ ላይ የተቆረጡት ዛፎች በወደቁበት ነው የተተዉት፤ መንገድ አልተቀደደም፣ አፈሩም አልታረሰም። በገሃዱ ዓለም የተመነጠረ መሬት ይታረሳል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ ቤት ይሠራበታል። እርቃኑን የቀረ አፈር በዝናብ ጠብታ እየተመታ ላዩ ይደፈናል፣ ውስጡም ይጠቀጠቃል። ወደ ከርሰ ምድር መስረግ የነበረበት ውሃ በላይ በላዩ ይሄዳል። የበጋው ፍሰት ዕጣ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ሚዛን ነው፦ ዛፉ ሳይጠጣው የቀረው ውሃ ይበልጣል ወይስ ሳይሰርግ ያመለጠው? መልሱን የሚሰጣችሁ አፈሩ ነው፤ ስለዚህ ኮምፒዩተር ከመክፈታችሁ በፊት አካፋ ይዛችሁ ውረዱ፣ ቢቻል ዝናብ እየጣለ።

ስለ ጎርፍ ደግሞ አንድ ስሌት ራሳችሁ ሥሩ። የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ ተቋም በ1950ዎቹ ያዘጋጀውን፣ ሁላችንም ከርቭ ነምበር የምንለውን ዘዴ ውሰዱ። ዘዴው ለመሬቱ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ከዝናቡ በላይ በላዩ የሚፈሰው ይጨምራል። 50 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ቁጥሩ 60 ከሆነ መሬት የሚፈሰው 1.4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። መሬቱ ተጎድቶ ቁጥሩ 80 ቢደርስ 14 ገደማ ይሆናል፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ዝናቡን 150 ሚሊሜትር አድርጉትና ድገሙት፦ 47 የነበረው 94 ይሆናል፤ ሁለት እጥፍ ብቻ። ዝናቡ እየከበደ ሲሄድ ደህናውም መሬት ይጠግባል፣ ልዩነቱም በእጥፍ ሲለካ ይጠብባል። በሚሊሜትር ስትቆጥሩት ግን የሁለተኛው ጭማሪ ይበልጣል! በመቶኛ ብቻ ሪፖርት የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ ሚሊሜትሩንም ጠይቁት። (ዘዴው ሻካራ ግምት እንጂ ልኬት እንዳልሆነም አትርሱ፤ ቁጥሩን እንደፈለጉ እየነካኩ የፈለጉትን ጎርፍ ማውጣት ቀላል ነው።)

የለውጡ ቦታም ለብቻው መታየት አለበት። ከጅረቱ ዳር የተጠቀጠቀ ትንሽ ማሳ፣ ውሃው መንገድ ላይ ተመልሶ ከሚሰርግበት ሰፊ የተራቆተ ኮረብታ የበለጠ ጎርፍ ሊያዋጣ ይችላል። የመንገድ ቦይ ደግሞ ያንን ኮረብታ በቀጥታ ከጅረቱ ጋር ያገናኘዋል፤ በመሬት ሽፋን ካርታ ላይ ግን እንደ ቀጭን መስመር እንኳ ላይታይ ይችላል።

በተረፈ ፍሰት ስለጨመረ ብቻ መሬቱን አትወንጅሉ፤ ዝናቡም ተለውጦ ይሆናል። በኮሎራዶ ዋገን ዊል ጋፕ የነበሩት ተመራማሪዎች በ1910 ሥራ ሲጀምሩ ሁለት ጎረቤት ተፋሰሶችን መረጡ። አንዱን የመነጠሩት በ1919 ነው፤ ሌላውን ለማነጻጸሪያ ሳይነኩ ተዉት። እስከዚያ ድረስ ሁለቱንም ጎን ለጎን ከመለካት በቀር ዛፍ አልነኩም። ዛሬ ሁለት የሳተላይት ምስሎች አስተያይቶ በሳምንት ውስጥ የሚፈርድ ሰው ሲገጥማችሁ፣ ማነጻጸሪያ ተፋሰሱ የት እንዳለ ጠይቁት።