ሰባት ቶም ወይስ አራት?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በሐዋሳ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ኅብረት ውስጥ ድራም የምጫወት፣ አልፎ አልፎም ከጓደኞቼ ጋር በሠርግ ላይ የምሠራ ወጣት ነኝ። አሁን ያለኝ ድራም የተለመደው ነው፤ በእግር የሚመታ 22 ኢንች ቤዝ ድራም፣ ከላዩ የሚሰቀሉ 12 እና 13 ኢንች ቶሞች፣ መሬት ላይ የሚቆም 16 ኢንች ፍሎር ቶምና ከሥሩ ሽቦ ያለው 14 ኢንች ስኔር አለው። በቨርጂኒያ የምትኖረው እኅቴ ለገና ስትመጣ ተጨማሪ ቶሞች ልታመጣልኝ ቃል ገብታለች። ሐሳቤ 8፣ 10፣ 14 እና 18 ኢንች ጨምሬ ሰባት ቶም ያለው ትልቅ ድራም ማቆም ነው። አንድ ጓደኛዬ ግን «ቁጥር ከማብዛት ስፋቱን አስተካክል» ይለኛል። የቶም ስፋት የሚመረጠው በምን መመዘኛ ነው? ጥልቀቱስ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኛዎ የሰጠዎት ምክር ትክክል ነው። ቶም የሚጨመረው እጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወርድ ጆሮ በግልጽ የሚለየው የድምፅ ደረጃ እንዲኖር ስለሆነ፣ መታየት ያለበት የእያንዳንዱ ቶም ስፋት ለብቻው ሳይሆን በተከታታይ ቶሞች መካከል ያለው ክፍተት ነው። በዚህ መመዘኛ ስናየው፣ ሊጨምሩ ካሰቧቸው አራት ቶሞች ሁለቱ በእርግጥ ይጠቅሙዎታል፤ አንዱ ሊቆይ ይችላል፤ አንዱ ባይገዛ ይሻላል፤ አሁን ካሉዎት መካከልም አንዱ ከቦታው መነሣት አለበት።

ነገሩን ከከበሮ እንጀምር። የማኅሌት ከበሮ አካሉ አንድ ሆኖ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ፊት ወፍራምና ዝቅ ያለ ድምፅ ሲሰጥ ጠባቡ ቀጠን ያለና ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ቶምም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። አንድ ዓይነት ቆዳ በእኩል ኃይል ቢወጠር የንዝረቱ ፍጥነት ከስፋቱ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ታችኛው ዶ፣ ይወርዳል። ስለዚህ ጆሮ የሚሰማውን እርምጃ የሚወስነው በኢንች የምንቆጥረው ልዩነት ሳይሆን ትልቁን ስፋት ለትንሹ አካፍለን የምናገኘው ቁጥር ነው።

የእርስዎን ድራም በዚህ እንለካው። መለኪያችን ሙዚቀኞች ሰሚቶን የሚሉት፣ በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ የሚያሻግረው ትንሹ እርምጃ ይሁን። 16ን ለ13 ስናካፍል 1.23 ይመጣል፤ ይህ ሦስት ተኩል ሰሚቶን ያህል ስለሆነ ማንም አድማጭ ይለየዋል። 13ን ለ12 ስናካፍል የምናገኘው ግን 1.08 ብቻ ነው፤ አንድ ተኩል ሰሚቶን እንኳ አይሞላም። የቶም ድምፅ እንደ ፒያኖ ጥርት ያለ ባለመሆኑ፣ በተለይም ዘማሪዎች፣ ኪቦርድና ቤዝ ጊታር አብረው በሚሰሙበት ጊዜ፣ ይህን የሚያህል ትንሽ ልዩነት ከመድረኩ ፊት ያለው ሰው አይሰማውም።

ይህን ከዓመታት በፊት በአንድ የሠርግ አዳራሽ በራሴ ጆሮ አረጋግጫለሁ። የድምፅ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ፣ ድራመሩ ከ12 ወደ 13፣ ከዚያም ወደ 16 በየተራ ሦስት ሦስት ጊዜ እየመታ ሲወርድ አየሁት። ዓይኔ ሦስት ከበሮ ያያል፤ ጆሮዬ የሚሰማው ግን ሁለት ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምቶች ከአንድ ከበሮ የወጡ ይመስሉ ነበር። በዕረፍት ሰዓት የድራም ቁልፍ ይዘን የ13ቱን ብሎኖች እያንዳንዳቸውን ግማሽ ዙር አላላናቸው። አሁን ከ12ቱ ተለየ፤ ነገር ግን ወደ 16ቱ ተጠጋ። 16ቱንም ዝቅ ልናደርገው ስንሞክር ቆዳው ጠርዙ ላይ መሸብሸብ ጀመረ፤ ድምፁም እንደ ባዶ ካርቶን ሆነ። ያን ቀን በቁልፍ ልናስተካክለው የደከምንበት ነገር በግዢው ጊዜ መስተካከል የነበረበት ነው።

እንግዲህ 12 እና 13 ለምን ጎን ለጎን ይሸጣሉ? ይህ ከልማድ የመጣ ነው። በሁለቱም ወገን የሚቃኝ ቶም በአሜሪካ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ስሊንገርላንድ የተባለው ፋብሪካ ለታዋቂው ድራመር ጂን ክሩፓ በሠራቸው ድራሞች አማካይነት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ድራመሮች የሚጠቀሙት አንድ ቶምና አንድ ፍሎር ቶም ነበር። የቢትልሱ ሪንጎ ስታር እንኳ በመጀመሪያው ሉድዊግ ድራሙ 12 እና 14ን ከ20 ኢንች ቤዝ ድራም ጋር፣ በኋላም 13 እና 16ን ከ22 ጋር ይጫወት ነበር። ሁለቱም ጥንዶች በመካከላቸው ጥሩ ክፍተት አላቸው። በቤዝ ድራሙ ላይ ሁለተኛ ቶም ሲጨመር ግን 12 እና 13ን ማጣመር እየተለመደ መጣና ርካሹም ውዱም ድራም በዚያው ልክ መቅረብ ጀመረ። ጠባቡን ክፍተት ጠንቃቃ ጆሮ ያለው ሰው በቅኝት ሊያሰፋው ይችላል፤ አራተኛና አምስተኛ ቶም ሲጨመር ግን ችግሩ ተደራርቦ ይመጣል። ያሰቡትን ሰባት ቶም በተርታ ሲያዩት 12፣ 13 እና 14 ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ከ13 ወደ 14 ያለውም እርምጃ አንድ ሰሚቶን ከሩብ ያህል ብቻ ነው። ሦስት ከበሮ ይሸከማሉ፤ ሦስት ቆዳ ይገዛሉ፤ የሚያገኙት ግን የአንድ ተኩል ከበሮ ያህል ጥቅም ነው።

እኔ የምመክርዎ 10 እና 14ን ገዝተው፣ 13ቱን ከቦታው አንሥተው፣ 10፣ 12፣ 14 እና 16 እንዲያቆሙ ነው። ከ10 ወደ 12 ያለው እርምጃ ከሦስት ሰሚቶን ትንሽ ይበልጣል፤ ከ12 ወደ 14 ከሁለት ተኩል ያልፋል፤ ከ14 ወደ 16 ደግሞ ሁለት ከሩብ ያህል ነው። ልብ ይበሉ፤ በኢንች ሁሉም ሁለት ሁለት ቢሆንም ወደ ታች በተወረደ ቁጥር እርምጃው እየጠበበ ይሄዳል። ከ16 ወደ 18 ሲደረስ ሁለት ሰሚቶን ብቻ ይቀራል። 18ቱን አይግዙ የምልዎ በዚህ ምክንያት ነው፤ በደንብ የተቃኘ 16 ኢንች ወደ ታች ብዙ ይወርዳል፤ 18ቱ ደግሞ በሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ከቤዝ ጊታሩ ጋር ይደባለቃል። የሌድ ዜፕሊን ባንድ ድራመር ጆን ቦናም 14፣ 16 እና 18 ኢንች ቶሞችን ከ26 ኢንች ቤዝ ድራም ጋር ይጫወት እንደነበር የሚያነሡብዎ ሰዎች ይኖራሉ፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእርሱ ድራም ከጅምሩ የተገነባው በትልልቅ ቶሞች ሲሆን በቤዝ ድራሙ በኩል ያለው ቶም አንድ ብቻ ነበር።

በክፍተት ብቻ ከታየ ግን ከሁሉ የሚያምረው ሰንሰለት 8፣ 10፣ 12፣ 15 እና 18 ነው። በውስጡ ያሉት እርምጃዎች ተራ በተራ 1.25 እና 1.2 ስለሚሆኑ እጅ ሲወርድ ደረጃው እኩል ሆኖ ይሰማል። አዲስ ድራም ከመሠረቱ ለሚገዛ ሰው በደስታ የምመክረው ምርጫ ነው። ለእርስዎ ግን ያለዎትን 16 የሚያስጥል ከመሆኑም በላይ የ15 ኢንች ቆዳ በተቀደደ ቁጥር ምትክ ፍለጋ ያንከራትትዎታል።

8 ኢንቹን ለጊዜው ያቆዩት። ድምፁ ቦንጎ ወደሚባሉት ትንንሽ የእጅ ከበሮዎች የሚጠጋ ስለሆነ የሚያምረው በቁጠባ ሲመታ ነው። በአራቱ ቶሞች አንድ ዓመት ተጫውተው አሁንም ከላይ በኩል የጎደለ ነገር ከተሰማዎት ያን ጊዜ ይጨምሩት፤ ከ8 ወደ 10 ያለው እርምጃ አራት ሰሚቶን ሊሞላ ትንሽ ስለሚቀረው ቦታውን በሚገባ ይይዛል።

አራት ቶም የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እርሱም ከምንጫወተው ዜማ የመጣ ነው። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ፣ ማለትም ባር በሚባለው በእያንዳንዱ ዙር ስድስት ምት ሆኖ ስለሚቆጠር እጃችን በተፈጥሮው ሦስት ሦስት እየመታ ይወርዳል። በአራት ቶም ላይ ሦስት ሦስት ቢመቱ 12 ምት፣ ማለትም ልክ ሁለት ባር ይሆናል፤ ክራሽ የሚባለው የብረት ሳህን (ሲምባል) በሚቀጥለው ባር የመጀመሪያ ምት ላይ ይወድቃል፤ መዘምራኑም ያለ ጥርጥር ይገባሉ። በሰባት ቶም ግን 21 ምት፣ ማለትም ሦስት ባር ተኩል ይሆንና ወይ አንዱን ቶም መዝለል ወይ ሌላ ምት መጨመር የግድ ይላል። ይህ በእርግጥ ሕግ አይደለም፤ የበሰለ እጅ በማንኛውም ቁጥር መንገዱን ያገኛል። ነገር ግን የድራሙ አቀማመጥ ከዜማው አቆጣጠር ጋር ሲስማማ መጫወቱ ምን ያህል እንደሚቀል በእጅዎ ይረዱታል።

የማይክሮፎኑንም ጉዳይ ከአሁኑ ያስቡበት። ለቤዝ ድራም አንድ፣ ለስኔር አንድ፣ ለሃይሃት (በእግር ለሚከፈተውና ለሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) አንድ፣ ለሲምባሎቹ ከላይ ሁለት ማይክሮፎን ቢቆም፣ በአራት ቶም በጠቅላላ ዘጠኝ መስመር ይይዛል፤ በሰባት ቶም ግን 12 ይሆናል። ሚክሰሩ 16 መስመር ብቻ ካለው ለዘማሪዎቹ፣ ለኪቦርዱና ለጊታሮቹ የሚቀረው አራት ነው። ድራም የሚያገለግለው መዝሙሩን ስለሆነ የሰው ድምፅ በእርሱ ምክንያት መስመር ማጣት የለበትም።

ወደ ጥልቀቱ እንለፍ። ጥልቀት የድምፁን ከፍታ የሚለውጠው በጥቂቱ ነው፤ ይበልጥ የሚለውጠው ቶሙ ለምት የሚሰጠውን ምላሽ ነው። ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ቶም በቀላል ምት ቶሎ ይናገራል፤ ጥልቅ የሆነው ጠንከር ያለ እጅ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፋሽን የነበሩት ጥልቅ ቶሞች ሌላ ችግርም ነበራቸው፤ 12 ኢንች ስፋትና 11 ኢንች ጥልቀት ያለው ቶም ጥልቀቱ 8 ኢንች ከሆነው ይልቅ ሰባት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ስለሚረዝም፣ በ22 ኢንች ቤዝ ድራም ላይ ሲሰቀል ወደ ደረት ይወጣል፤ ድራመሩም ቶሙን ወደ ራሱ ለማጋደል ይገደዳል። ለ10ሩ 7 ወይም 8 ኢንች ጥልቀት ይበቃል። 14ቱን ባለ እግር አድርገው ከ16ቱ ጎን መሬት ላይ ያቁሙት፤ 10 እና 12 በቤዝ ድራሙ ላይ ባለው መያዣ ስለሚሰቀሉ አዲስ ስታንድ መግዛት አያስፈልግዎትም። ለእኅትዎ ስፋትና ጥልቀት ለይተው ይጻፉላት፤ አንዳንዱ አምራች ስፋቱን፣ ሌላው ጥልቀቱን አስቀድሞ ይጽፋልና። በዚህ ዓይነቱ ቶም ከጥልቀቱ የሚበልጠው ቁጥር ስፋቱ ነው። የቶም መያዣው ዘንግ ውፍረት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ከእርስዎ ድራም ጋር ስሙም ሞዴሉም አንድ የሆነውን ብትፈልግ ይመረጣል።

ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት የርዝመት፣ የወርድና የከፍታ ድምር 158 ሴንቲሜትር ነው። የ14ቱን ፍሎር ቶም የላይ ቆዳና ሪም (ቆዳውን የሚይዘውን ቀለበት) አውልቃ፣ እግሮቹን ለብቻ ጠቅልላ፣ 10ሩን መያዣውን ፈትታ በጨርቅ ጠቅልላ በሆዱ ብታስገባው ሁለቱም በአንድ ካርቶን ከዚህ ልክ በታች ሆነው ይመጣሉ። ለሁለቱም የላይና የታች መለዋወጫ ቆዳ ታክልበት፤ ቆዳ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቦታ አይፈጅም። 13ቱንም አይሽጡት። ታክሲ ውስጥ ብዙ ዕቃ መጫን በማይቻልበት ቀን 10፣ 13 እና 16ን ይዘው መውጣት ይችላሉ፤ ክፍተታቸው ሰፊ ስለሆነ ለአነስተኛ ሠርግ ከበቂ በላይ ነው።

ቶሞቹ ሲደርሱ ቅኝቱን ከ16ቱ ይጀምሩ። ብሎኖቹን በእጅ ካጠበቁ በኋላ፣ ትይዩ የሆኑትን እያፈራረቁ ሩብ ሩብ ዙር ያጥብቁ፤ ሽብሽቡ ጠፍቶ የጠራ ድምፅ እስከሚሰጥበት ዝቅተኛ ቦታ ሲደርስ ያቁሙ። ቀጥሎ 10ሩን ሳይታነቅ በሚዘምርበት ከፍታ ላይ ይቃኙት። ሁለቱ ዳርቻዎች ከተወሰኑ በኋላ 12ቱን እና 14ቱን በመካከላቸው እያዜሙ ያስቀምጧቸው፤ ከታች ያለው እርምጃ እንደጠበበ ከተሰማዎት 14ቱን ትንሽ ወደ ላይ ይሳቡት። የታችኛውን ቆዳ ከላይኛው ጋር እኩል ቢቃኙት ድምፁ ረዘም ይላል። በመጨረሻም እያንዳንዱን ቶም እየመቱ ስኔሩን ያዳምጡ። አንደኛው ቶም ሲመታ የስኔሩ ሽቦ አብሮ የሚንጫጫ ከሆነ የሁለቱ ድምፅ ተቀራርቧል ማለት ነው፤ የዚያን ቶም ብሎኖች በጥቂቱ ያላሉ ወይም ያጥብቁና ደግመው ይምቱት።