የዞን አስተዳዳሪና የአሜሪካ ገዥ አንድ ናቸው?

ወንድሜ፣ «የሰሜን ሸዋ ዞን አስተዳዳሪ ከአሜሪካ ገዥ በምን ይለያል?» ላልከው፣ በጣም ይለያል። የአሜሪካው ገዥ፣ ማለትም የአንዱ ግዛት (ስቴት) አስተዳዳሪ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን በአብዛኛው የእንግሊዝ ንጉሥ ሹም ነበር። ምክር ቤት ይበትናል፣ ሕግ ይሽራል። ደመወዙን ግን በብዙ ቦታ የሚቆርጥለት ያው ምክር ቤት ነው። ካኮረፈበት ጉድ ፈላ! እ.ኤ.አ. በ1776 ነፃነት ሲታወጅ፣ ገዥ የሚባል ነገር አንገሽግሿቸው ስለነበር ሥልጣኑን ቆራረጡት። ፔንስልቬንያማ ጭራሽ ገዥ አልነበራትም። ዛሬ ሕዝብ በቀጥታ ይመርጠዋል።

እኛ ጋ የድሮው ገዥ ግብር ሰብሳቢም፣ ዳኛም፣ የጦር አዝማችም ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ደመወዝተኛ አደረገው። የዛሬው የዞን አስተዳዳሪ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ተጠሪነቱ ለአማራ ክልል ነው። ለአሜሪካው ገዥ የሚቀርበው ባሕር ዳር ያለው ርዕሰ መስተዳድር ነው፤ እሱንም የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም።