አባት ኤ፣ እናት ቢ፣ ልጅ ኦ፦ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የባለቤቴ ደም ኤ ነው፤ የኔ ቢ። የመጀመሪያዋ ልጃችን ኤቢ ናት። ትንሹ ሰሞኑን ታሞ ሲመረመር ኦ ተባለ። ባለቤቴ ወረቀቱን አይቶ ምንም አላለም፤ ዝምታው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከሁለታችን ኦ ሊወለድ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ ብርቅም አይደለም። ይህን መልስ ከባለቤትዎ ጋር አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

የደም ዓይነትን የሚወስነው ጂን (ከወላጅ የሚወረስ መመሪያ) 9ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ክሮሞዞም ጂኖች የተደረደሩበት በሕዋስ ውስጥ ያለ ክር ነው። ሁላችንም ሁለት ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። እያንዳንዱ ቅጂ ኤ፣ ቢ ወይም ኦ ሊሆን ይችላል። ኦ ከኤ ወይም ከቢ ጋር ሲሆን ይሸፈናል፤ ተራው የደም ዓይነት ምርመራም አያሳየውም። ባለቤትዎ «ኤ»፣ እርስዎ «ቢ» ስትባሉ ኖራችሁ እንጂ ሁለታችሁም የተሸፈነ ኦ ይዛችኋል ማለት ነው።

የተሸፈነው የሚገለጠው የዘር ሕዋስ ሲሠራ ነው። ሌላው የሰውነታችን ሕዋስ 46 ክሮሞዞም፣ ማለትም 23 ጥንድ፣ ሲኖረው፣ እንቁላልና የወንድ ዘር 23 ብቻ ይይዛሉ። ይህ ቁጥሩን በግማሽ የሚቀንሰው ክፍፍል ሚዮሲስ ይባላል። ከየጥንዱ አንዱ ብቻ ስለሚያልፍ፣ አንዱ እንቁላልዎ ቢን ይዞ ሲወጣ ሌላው ኦን ይዞ ይወጣል፤ በባለቤትዎ በኩልም እንዲሁ። ሴት ልጃችሁ ኤንና ቢን ወሰደች፤ ወንድሟ ሁለቱን ኦ። በእያንዳንዱ እርግዝና ኦ የመውለድ ዕድላችሁ ከአራት አንድ ነው፤ ያለፈው ልጅ የሚቀጥለውን አይወስንም።

«ይሄ ልጅ ማንን መሰለ?» የሚሉ ዘመዶችም መልሳቸው እዚሁ ነው። 23ቱ ጥንዶች የሚለያዩት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዕጣ ስለሆነ፣ ከአንድ ሰው ብቻ ከ8 ሚሊዮን በላይ ዓይነት ድልድል ይወጣል። በዚያ ላይ ጥንዶቹ ከመለያየታቸው በፊት ቁርጥራጭ ይለዋወጣሉ። የሚገርመኝ ደግሞ ጊዜው ነው፦ በወንድ ይህ ሥራ የሚጀምረው በጉርምስና ሲሆን፣ ልጅዎ የሆነው እንቁላል ግን ክፍፍሉን የጀመረው እርስዎ ራስዎ በእናትዎ ማህፀን ሳሉ ነው።

ከሁለታችሁ አንዳችሁ ኤቢ ብትሆኑ ኖሮ መልሴ ይለይ ነበር፤ ያኔ ኦ ልጅ አይጠበቅም። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ ምርመራውን ድገሙት እል ነበር፤ የናሙና ስም መቀያየር ያጋጥማልና።

አሁን ልብ ልትሉት የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ኦ የሆነ ሰው ቀይ የደም ሕዋስ የሚቀበለው ከኦ ብቻ ነው። ልጃችሁ ደም ቢያስፈልገው እርስዎም፣ አባቱም፣ እህቱም ልትሰጡት አትችሉም። ከዘመድ ማን ኦ እንደሆነ ከወዲሁ ጠይቁ።