ጠይቁን፦ ካርቡሬተር የሚያጥብ አልትራሶኒክ ማሽን

ጥያቄ፦ በግቢዬ ውስጥ የራሴንና የጎረቤቶቼን መኪና እጠግናለሁ። አብዛኞቹ አሮጌ ኮሮላዎች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ባጃጅም ይመጣል። ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) በቤንዚንና በብሩሽ ማጠብ ስለሰለቸኝ አልትራሶኒክ ማጠቢያ ልገዛ አስቤያለሁ። የ3፣ የ6 እና የ10 ሊትር አሳይተውኛል። የትኛውን ልውሰድ? ከአዳማ

መልስ፦ ሊትሩን ትተው መጀመሪያ ሜትር ያንሱ። ከሚያጥቧቸው ዕቃዎች ትልቁን ይፍቱና ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን ይለኩ፤ በየጎኑ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩበት። የተለመደው ባለ 6 ሊትር ማሽን ገንዳው ከውስጥ ወደ 30 በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር ነው። ፈሳሹ ከአፉ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ ቅርጫቱም ከታች ቦታ ስለሚወስድ፣ የሚተርፍልዎ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለባጃጅ ካርቡሬተር ይበቃል። የመኪናው ግን የነዳጅ መርገጫው ዘንጎች ጎን ለጎን ስለሚወጡ 15 ሴንቲ ሜትሩ ስፋት ይጠብባል። ለእርስዎ ሥራ 30 በ24 በ15 የሆነውን ባለ 10 ሊትር እንመርጣለን። የ3 ሊትሩ ለጄት (ነዳጁን በልክ ለሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ትንሽ ዕቃ) እና ለትናንሽ ብሎን ካልሆነ አይጠቅምዎትም። የሞተር ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክዳን) አጥባለሁ ብለው ካሰቡ ደግሞ ከሦስቱም አንዱ አይበቃም።

የንዝረቱ ድግግሞሽ (በሴኮንድ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት) 40 ኪሎኸርዝ ይሁን። ማሽኑ የሚያጸዳው በፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች እየፈጠረና እያፈነዳ ነው፤ ድግግሞሹ ሲያንስ አረፋው ይተልቃል፣ ምቱም ይከብዳል። ከ25 እስከ 28 ኪሎኸርዝ የሚሠሩት ለከባድ ብረት ያገለግላሉ፤ ለስላሳ አሉሚኒየምን ግን ሊቦጫጭሩ ይችላሉ።

ዋቱ ላይ ይጠንቀቁ። ካርቶኑ ላይ 480 ዋት ተጽፎ 300ው የማሞቂያው፣ የሚያጥበው 180 ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይተው ይጠይቁ። ለማጠቢያው በሊትር ከ20 እስከ 30 ዋት ካለው ጥሩ ነው።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ይሞክሩት። ውኃ ይሙሉበት፤ አየሩ እንዲወጣለት 5 ደቂቃ ያስነሡት። ከዚያ የኩሽና ፎይል ቀጥ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ይንከሩ። ፎይሉ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ከተበሳሳ ማሽኑ ደህና ነው። ግማሹ ተበስቶ ግማሹ ምንም ካልሆነ ከሥሩ ከተለጠፉት አንቀጥቃጮች አንዱ አይሠራም ማለት ነው፤ አይግዙት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዋሽንግተን ማሽን ሊልክልኝ ነው። እዚህ ይሠራልኛል? ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። 120 ቮልት ብቻ ከሆነ እኛ 220 ላይ በቀጥታ ሲሰካ የማሞቂያው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚሆን ይቃጠላል። ወደ 110 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል፤ ለ480 ዋት ማሽን 1000 ዋት የሚችል ይሁን። የእኛ 50 ኸርዝ መሆኑ አያሳስብዎ፤ 40 ኪሎኸርዙን የሚፈጥረው ማሽኑ ውስጥ ያለው ቦርድ ነው።

ከቮልቱ በላይ የሚያስጨንቀን የመሬት ሽቦው ነው። ውኃ የሞላ የብረት ገንዳ ነውና፣ ብዙ ቤት ውስጥ ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ከኋላው የመሬት ሽቦ የለውም። ኤሌክትሪሻን ሳያይልዎ አይሰኩት። እየሠራም እጅዎን አይንከሩበት።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ካርቡሬተር በአልትራሶኒክ ማሽን፣ በኮስቲክ ሶዳ አጠብኩ። አሉሚኒየሙ ጠቆረ፤ ከተገጠመ በኋላም ጋዝ ካልሰጠሁት ሞተሩ ይጠፋል። ምን አጠፋሁ? ከሐዋሳ

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያጠቆረው ሶዳው ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሲበላም የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። በረኪናም አይሁን፤ ገንዳውን ራሱን ይበሳዋል። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝና ቲነርማ በፍጹም አይሞከርም፤ ተኑ ከሞቀ ማሽን አጠገብ እሳት ይነሣል። ለአሉሚኒየም ተብሎ የተሠራ ማጠቢያ ካጡ፣ በሊትር 10 ሚሊ ሊትር የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በ55 ዲግሪ ሙቅ ውኃ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። 300 ዋት ማሞቂያ የ6 ሊትሩን ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ከ50 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ ውኃውን ኩሽና አሙቀው ቢያመጡ ይቀላል።

ሞተሩ የሚጠፋው፣ ጋዝ ሳይሰጠው ነዳጅ የሚያገኝበት ቀጭኑ መንገድ ገና ስላልተከፈተ ይመስለናል። ጄቶቹን ሳይፈቱ ነክረው ከሆነ በውስጡ አየር ይታፈናል፤ አየር ባለበት ደግሞ ማሽኑ ምንም አያጸዳም። እንደገና ይፍቱት። የአየር ማስተካከያውን ብሎን ከማውጣትዎ በፊት በቀስታ እስኪቆም አጥብቀው ስንት ዙር እንደሄደ ይጻፉ፤ ሲመልሱ ያንኑ ያህል ይፈቱታል። ፍሎቱን (የነዳጁን ከፍታ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊ)፣ ጎማዎቹንና ጓርኒሲዮኑን (በክፍሎቹ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ያውጡ። የወፈረውን ጭቃና ዘይት በብሩሽ አስቀድመው ያንሡ፤ አለዚያ ፈሳሹ ወዲያው ይቆሽሻል። ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ አድርገው 10 ደቂቃ፣ ገልብጠው ሌላ 10 ደቂቃ ይጠቡ። ቅርጫት ሳይኖር ገንዳው ወለል ላይ የተቀመጠ ብረት ወለሉን ይቦረቡራል። በንጹሕ ሙቅ ውኃ አለቅልቀው እያንዳንዱን ቀዳዳ በኮምፕሬሰር ይንፉ። ጄት በሽቦ አይወጋም፤ ቀዳዳው ከሰፋ ነዳጅ ይበዛል። የብረት ብሎኖቹ ወዲያው ስለሚዝጉ ቀጭን ዘይት ይቀቧቸው።

ጥያቄ፦ በዚሁ ማሽን የቤንዚን ኢንጀክተር (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ) ማጠብ ይቻላል? ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጫፉን ብቻ ነክሮ መተው ውስጡን አያጸዳም፤ ኢንጀክተር ኤሌክትሪክ ካላገኘ ዝግ ነው። በሚታጠብበት ጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። ከባትሪ 12 ቮልት ያለማቋረጥ አይስጡት፤ በተለይ በኦም መለኪያ 2 ወይም 3 ኦም የሚያሳየው ዓይነት ቶሎ ይቃጠላል። የሽቦ መሰኪያው ከፈሳሹ በላይ ይቆይ፤ ኦሪንጎቹን (ክብ የጎማ ማሸጊያዎቹን) በአዲስ ይቀይሩ። የናፍጣ ኖዝል ግን መፈተሻ ማሽን ወዳለው ባለሙያ ይሂድ።