ኑግ ሰባት ቤት ይቆጥራል

ባዮሎጂ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ዝግመተ ለውጥ ሲነሳ የሁላችሁም ሐሳብ የመስኩ ሊቅ ዳርዊን ወደ ጎበኛቸው የጋላፓጎስ ደሴቶች ይሄዳል። እስቲ መጀመሪያ መስከረም ጥቅምት ላይ ከከተማ ትንሽ ወጣ በሉ። ጤፍና ኑግ ጎን ለጎን ተዘርተው ታገኛላችሁ። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፤ የሚራቡበት መንገድ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ኑግም ይቆጥራል። የገዛ ብናኙ (ከወንዴው ክፍል የሚወጣው ዱቄት) አበባው ላይ ቢያርፍ አይቀበለውም፤ ከሌላ ተክል መምጣት አለበት። አምጪዋ በዋናነት ንብ ናት። ጤፍ ደግሞ ደንታም የለው፤ ከራሱ ጋር ይጋባል። ከመቶ ዘር ከሌላ ተክል የተዳቀለ ቢበዛ አንድ ብታገኙ ነው።

አትመኑኝ፣ ሞክሩት። ኑጉ ከመፈንዳቱ በፊት ጥቂት እምቡጦችን ንብ በማያስገባ ስስ ሻሽ ሸፍናችሁ እሰሩ። አጠገባቸው ያሉትን ተዉአቸው። ሲደርስ ሁለቱንም መዳፋችሁ ላይ ፈርክሱ። ከክፍቱ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ፍሬ ይወጣል። ከታሰረው የሚወጣው አብዛኛው ፍሬ የሌለው ገለባ ነው። ማጉያ መነጽር ካላችሁ ደግሞ ቢጫው መሃል ያሉትን ደቃቃ አበቦች እዩ። ብናኙ ቀድሞ ይወጣል፤ ሴቴው ክፍል ቆይቶ ነው የሚከፈተው።

ለምን አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው አይቆጥርም? ዳርዊን በዚህ ጥያቄ ለዓመታት ተወጥሮ ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከራሳቸውና ከሌላ የተዳቀሉ ችግኞችን በቁመት አወዳደረ። በአብዛኛው ከሌላ የተዳቀሉት በለጡ። ከራሱ የተዳቀለ አንድ ተክል ግን ተፎካካሪውን አሸነፈና ዳርዊን «ጀግናው» አለው። (እሱ ራሱ ያገባው የአጎቱን ልጅ ነበር፤ ጉዳዩ ቤቱ ድረስ የገባ ነው።) ዘመድ ከዘመድ ሲዳቀል የተደበቁ ጉድለቶች ይገናኛሉ። በሌላ በኩል ንብ የቀረች ዕለት፣ ጎረቤት የጠፋ ዕለት፣ ቆጣሪው ያለ ዘር ይቀራል።

ቡናን ውሰዱ። አብዛኞቹ የቡና ዘመዶች ከራሳቸው መዳቀል አይችሉም፤ የእኛው አረቢካ ይችላል። በ1706 እ.ኤ.አ. ከጃቫ አምስተርዳም የደረሰው ተክል ልጆች ፓሪስ ገቡ፤ ከዚያ በ1720ዎቹ ማርቲኒክ የተባለችው የካሪቢያን ደሴት። ብቻውን የተተከለ ቡና ያለ ጓደኛ ስለሚያፈራ ከጥቂት ተክል አህጉር ለማልበስ በቃ። ዕዳው ቆይቶ መጣ። የላቲን አሜሪካ ቡና የዘር ስብጥሩ ጠባብ ሆነ፤ በሽታ ሲገባ አንዱን ያጠቃ ሌላውንም አይምርም። ሰፊው ስብጥር ያለው እንደ ከፋ ባሉ የእኛ ጫካዎች ውስጥ ነው። ጫካው ሲመነጠር ምን እንደሚጠፋ እንግዲህ አስቡት።

ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ የተተወበት ጊዜም ነበር። አበባው ደቃቃ ነው፤ ሲከፈትም ያየው አልነበረም። ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ሰዓቱን አገኙት፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ። በዚያ መንገድ ወንዴውን ክፍል ቀድሞ ማውጣትና የሌላ ተክል ብናኝ መስጠት ተቻለ። በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የተገኘው ሁለት የጤፍ ዝርያዎች ተዳቅለው ነው። እንጀራ ስትበሉ አስታውሱት።

ስለዚህ አንድ ተክል ልታጠኑ ስትነሱ መጀመሪያ እንዴት እንደሚጋባ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጋባ እወቁ። የጂኑ (የዘር ውርሱ) ጥናት በኋላ ይደርሳል። ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ማሳ ደርሳችሁ «ምንም የለም» አትበሉኝ።

የደጋውን ተክል ጅብራን ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ፤ ዓመታት ኖሮ አንዴ ያብብና ይሞታል፣ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ለአሁኑ ግን ሥራ ልስጣችሁ። ኮሶ ወንዱና ሴቷ ዛፍ ለየብቻ ናቸው፤ ብናኙን የሚያደርሰው ነፋስ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብቻዋን የቀረች ሴት ኮሶ አትጠፋም። በአካባቢያችሁ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት እንደቀረ ቁጠሩ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ ከሴቶቹ ዘር ልቀሙና የትኛው እንደሚበቅል እዩ።