በሰው አገር ለምታገለግሉ ወጣቶች፦ ስለ ጸደይ ጉብኝት

ውድ ልጆች፣

ቅዝቃዜው አልፎ ዛፉ ሲያቆጠቁጥ ልብ ከቤት ውጡ ውጡ ይላል። ውጡ። ወራቱን በስብሰባ፣ በቋንቋ ትምህርትና በቤት ለቤት አገልግሎት ያሳለፈ ሚስዮናዊ ስለ አንድ ቀን ዕረፍት ይቅርታ መጠየቅ የለበትም። ግን ከሻንጣው በፊት ወረቀታችሁን እዩ።

ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ፣ ከድንበር ማዶ ያለውን ሐይቅ ለግማሽ ቀን አይታችሁ ስትመለሱ በር ላይ ልትቀሩ ትችላላችሁ። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ እየታደሰ ሳለ መውጣትም በአንዳንድ አገሮች ማመልከቻውን እንደ መተው ይቆጠራል። በሸንገን አገሮች (እርስ በርስ የድንበር ቁጥጥር ያነሡ የአውሮፓ አገሮች) በአጭር ቪዛ የሚቆይ ሰው በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ የሚፈቀድለት 90 ቀን ነው፤ የገባበትም የወጣበትም ቀን ይቆጠራል። ብዙዎችን የሚጥላቸው ወጥተው ሲመለሱ ቁጥሩ እንደ አዲስ የሚጀምር መምሰሉ ነው። አይጀምርም። ለኃላፊያችሁም የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ በጽሑፍ አስታውቁ።

ቀን ስትመርጡ ፋሲካን አስሉ። በምዕራቡ አቆጣጠር ከማርች 22 እስከ ኤፕሪል 25 ባለው ጊዜ ይውላል። ሰሙነ ሕማማት ለእናንተ ሥራ የሚበዛበት፣ በዓሉን በሚያከብሩ አገሮች ደግሞ ባቡርና ማረፊያ የሚጠብበት ሳምንት ነው። ከበዓሉ በኋላ ያለው ረቡዕ ይሻላል። ሰኞን ተዉት፤ በብዙ ቦታ ወይ በዓል ነው ወይ ሙዚየም ዝግ ነው። ጃፓን ያላችሁ ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5 ተደራርበው የሚመጡትን በዓላት ሽሹ። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያላችሁ ግን ጸደያችሁ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ስለሆነ ይህ ጭንቀት የለባችሁም።

አበባ ቀጠሮ አያከብርም። ቶክዮ ላይ የቼሪ አበባ መፈንዳት ከጀመረ ሙሉ በሙሉ እስኪደምቅ አንድ ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ አንድ ቀን ነፋስና ዝናብ ያረግፈዋል። ካመለጣችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሸለቆው ውስጥ የረገፈው ተራራው ላይ ገና እምቡጥ ሊሆን ይችላል።

ይኸው ስሌት አደጋም አለው። ከታች በሸሚዝ የተነሣ ሰው ከላይ በረዶ ያገኛል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ፀሐይ የማያገኘው የተራራው ሰሜናዊ ገጽ እስከ ጸደይ መጨረሻ በረዶ ሊይዝ ይችላል። ጠዋት የጠነከረው ከቀትር በኋላ ይላላል፤ ናዳም ይከተላል። ጠዋት በድንጋይ ላይ የተሻገራችሁት ጅረት በበረዶው ቅላጭ ሞልቶ ማታ መመለሻ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ በማለዳ ተነሡ፤ የመመለሻ ሰዓታችሁንም ሳትነሡ ወስኑ፤ ጫፉ 10 ደቂቃ ቢቀረውም ሰዓቱ ሲደርስ ተመለሱ። ከቆዳ ጋር የሚነካካው ልብስ ጥጥ አይሁን፤ ላብ ይይዝና ያቀዘቅዛል።

ረጅም ሣር ውስጥ ከነበራችሁ ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና የፀጉር ሥር መዥገር ፈልጉ። ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው ጥግ ይዛችሁ ሳታዞሩ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ዘይት መቀባት ወይም በእሳት ማቃጠል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ መቼ እንደነከሳችሁም ንገሩት።

ወጪውን ከግል ኪሳችሁ ክፈሉ፤ ከአገልግሎቱ ገንዘብ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታኑሩት። ከተቻለ አንድ የአገሬው ተወላጅ ጋብዙ፦ የአበባውን ስም፣ የመንገዱን ጠባይና ሳታስፈቅዱ የማይገባበትን የገበሬ ማሳ ከማንም በላይ ያውቃል። ለፎቶ ሲባል የቱሊፕ መደብ መሐል መግባት የሰውን ሰብል መርገጥ ነው።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር ልጨምር። ለደጋፊዎች የምትልኩት ሥዕል ላይ አብረዋችሁ ያሉ ሰዎች ካልፈቀዱ አይታዩ። እምነት መቀየር በሚያስቀጣበት አገር ከሆናችሁ የስልኩን የቦታ መረጃ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አጥፉት፤ ከተነሣ በኋላ የተቀመጠው መረጃ ፎቶው ውስጥ ይቀራል።